ባሕር ዳር ለምትሄዱ ዳያስፖራዎች፦ ስለ ጀልባው፣ ስለ አስጎብኚውና ስለ እግር መንገዱ

ባሕር ዳር ላይ ብዙው ወጪ ለጀልባ ነው የሚሄደው፤ እኛን ያስደሰተን ግን በእግር የተጓዝነው ነበር። ከእናቴ ጋር ከዴንቨር ሄደን የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች፣ ለመሄድ ላሰባችሁ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እንዳየኋቸው ጻፍኩ።

ከጀልባው ልጀምር። ያረፍንበት ሆቴል «ግማሽ ቀን ገዳማት» የሚል ጉብኝት ሊሸጥልን ሞከረ። የጠራውን ዋጋ ሰምተን ጣና ዳር ወርደን ከባለ ጀልባዎቹ ጋር ራሳችን ብንነጋገር ልዩነቱ አስደነገጠኝ። የተደራደረችው እናቴ ናት፤ እኔ አፌን ስከፍት ዋጋው ይጨምራል። ሂሳቡ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለነበረ፣ እዚያው ካገኘናቸው ከጎንደር የመጡ ባልና ሚስት ጋር ተዳብለን ወጪውን ተካፈልን። ሆቴሉ ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ ክብራን ገብርኤልም ነበረበት። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ለሁለት ሴቶች ክብራንን መሸጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? ስነግረው ባለ ጀልባው ራሱ ሳቀ። እሱ በምትኩ እንጦስ ኢየሱስን ጨመረልን፤ እዚያ ሴትም ይገባል።

ላይፍ ጃኬት ሳይጠየቅ አደለን፤ ሞተሩም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠሩ፦ ማለዳ ተነሡ። ጣና ጠዋት ጠዋት የተኛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣና ጀልባዋን ያንገላታታል። አርፍደው የወጡ ሰዎች ልብሳቸው ርሶ ሲመለሱ አይተናል።

ጣና ውስጥ ገባ ያለው ልሳነ ምድር፣ ዘጌ ከወረዳችሁ በኋላ አትቸኩሉ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው አቀበት በቡና ጫካ መሃል ለመሃል ነው፤ የእናቴ ጉልበት የማይታመን ስለሆነ እየተቀመጥን ነው የወጣነው። አስጎብኚያችን የዚያው የዘጌ ልጅ ነበር፤ ሳይሰለች ጠበቀን፤ «እማማ፣ ገዳሙ የትም አይሄድም» እያለ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለውን ትውፊት የነገረን አንዱ ማረፊያችን ላይ ነው። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ ነውር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ እዚህ ጫካው መትረፉ ከዚህ የተነሣ ነው አለን፤ አሳማኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እዚህ ላይ አስጎብኚው ብልህነቱን አሳየ። የበላዔ ሰብ ሥዕል ጋ ስንደርስ እናቴ ቀድማው ጀመረች፤ እሱ ዝም ብሎ አስጨረሳት። ስለ ጥርኟ ውኃ ስትደርስ ከኋላችን የነበሩ ጎብኚዎች ሁሉ ተሰብስበው ያዳምጧት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከተስማማችሁበት በላይ ጉርሻ ይገባዋል። ዕቃ ቤት ያሉትን ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት የሚያሳዩት አባ ግን ጥድፊያ ላይ ነበሩ፤ ሰው ስለበዛባቸው አልፈርድባቸውም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ መንገድ አንድ ነገር ልበል፦ አሁን ባለው ሁኔታ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ቀን ጠዋት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፤ ሆቴል «ሰላም ነው» ስላለ ብቻ አትነሡ። እኛ በአጎቴ ልጅ አማካይነት ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ሄድን፤ ሾፌሩ በሰዓቱ መጣ፣ በሰዓቱም መለሰን። ፏፏቴው 45 ሜትር ከፍታ አለው ይባላል፤ መታየት ያለበት ክረምቱ ሲወጣ ነው። በበጋ ውኃው ይሳሳል፤ የኃይል ማመንጫዎቹም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በሚያዝያ ሄዳችሁ በድሮው የብር ኖት ላይ ያለውን ዓይነት ፏፏቴ ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ።

የእግር መንገዱ ግን ውኃው ሲሳሳም ያስኬዳል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ጠባቧን ገደል ተሻግሮ እስካሁን ሰውም አህያም ያሳልፋል። ከዚያ አቀበቱን ወጥታችሁ፣ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት አይታችሁ፣ በተንጠለጠለው ድልድይ አልፋችሁ፣ በመጨረሻ ዓባይን በትንሽ ጀልባ ተሻግራችሁ ትመለሳላችሁ። በመጣችሁበት መንገድ አትመለሱ፤ ዙሩት። ልጆች ሻርፕና ቅል ይዘው ይከተሏችኋል፤ አንዱን «በኋላ» ካላችሁት ቃላችሁን ይይዛል።

ከተማው ውስጥ አስጎብኚ አያስፈልግም። ሲመሽ በዘንባባዎቹ ሥር በጣና ዳር መሄድ በነጻ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ በባጃጅ ወጣን፤ እላዩ ያለው ቤተ መንግሥት አያስገባም፣ ግን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ የሚታየው ከዚያ ነው። ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኛን የወሰደን ጥሎን ሄዶ ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ማታ መብራቱ ሲበራ ሕዝብ ይወጣበታል፤ ፎቶ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፣ እኔን እምብዛም አልሳበኝም።

ስለ ምግብ አጭር ነኝ፦ ዓሣ ለብለብ ሐይቁ ዳር ካሉት ትላልቅ ምግብ ቤቶች ይልቅ ገበያ አካባቢ ባገኘናት ትንሽ ቤት በልጦ አገኘነው፣ ዋጋውም ግማሽ አይሞላም።

ሆቴሎች በባንክ ዝውውር ይቀበላሉ። ወደ ዘጌና ጢስ ዓባይ ስትሄዱ ግን ዝርዝር ብር ያዙ፤ መንገድ ላይ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ባለ ሁለት መቶውን የሚመልሱበት የላቸውም።