የጠዋቱ ክፍል ብቻ ይበቃ ነበር፦ ዘራቸው የተለያየ ባልደረቦችን ለማቀራረብ የተዘጋጀ ሥልጠና ሲገመገም

መሥሪያ ቤታችን ከውጭ አሠልጣኞች የገዛው ይህ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ የቆዳ ቀለማቸው የተለያየ ባልደረቦች ሲነጋገሩ የሚሰማቸውን መሳቀቅ ለመቀነስ የታሰበ ነው። ትልቁ ብርታቱ መሳቀቅን ሁሉ የጥላቻ ምልክት አድርጎ አለመቁጠሩ ነው። አሠልጣኟ እንዳስረዱት፣ ሁለት ሰዎች እኩል ቢጨነቁም የጭንቀታቸው ምንጭ እንደየማኅበራዊ ማንነታቸው ይለያያል፤ ከብዙኃኑ ወገን የሆነው «ዘረኛ እንዳልመስል» እያለ ቃላቱን ሲመርጥ፣ ከጥቂቶቹ ወገን የሆነው ደግሞ «በዘሬ ይመዝነኝ ይሆን?» እያለ የሌላውን ፊት ያነባል። ሁለቱም ስለሚጠነቀቁ ንግግሩ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውን ግን እያንዳንዱ የሌላው ንቀት አድርጎ ይወስደዋል።

በጠዋቱ ክፍል ዘራቸው የተለያየ ሁለት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላው የያዘውን መረጃ ሳያገኝ ሊጨርሰው የማይችል ሥራ ይሰጣቸዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 መቀራረብ ጭፍን ጥላቻን እንዲቀንስ ያስፈልጋሉ ያላቸው አራት ሁኔታዎች፣ ማለትም እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የተቋም ድጋፍ፣ እዚህ በሚገባ ተሟልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 515 ጥናቶችን መርምረው መቀራረብ በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ ሁኔታዎቹ ሲሟሉም ውጤቱ እንደሚጠነክር ስላሳዩ፣ የአዘጋጆቹ ምርጫ የዘፈቀደ አይደለም። በእኛም ክፍል ሥራው እየጋለ ሲሄድ ተሳታፊዎቹ ራሳቸውን መጠበቁን ረስተው ይከራከሩ፣ አንዳንዴም ይቀላለዱ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ግን ይህ ሁሉ ፈረሰ። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነውን፣ ስውር ዝንባሌን፣ ማለትም ሰው ሳያስበው ለአንዱ ወገን ማድላቱን፣ በኮምፒዩተር የሚለካ ፈተና አስፈትኖ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ውጤቱን አደለ። ፈተናው በብዙ ሰዎች ላይ ለሚደረግ ጥናት ሊጠቅም ይችላል፤ የአንድ ሰው ውጤት ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ ለግለሰብ እንደ ሕክምና ምርመራ ሊሰጥ አይገባም፣ ይህንንም ማንም አልነገረንም። ውጤቱ ከታደለ በኋላ ጠዋት ሲከራከሩ የነበሩት ጥንዶች እንደገና ቃላት መምረጥ ጀመሩ። ጭንቀት ያቃልላል ተብሎ የተገዛ ሥልጠና ጭንቀቱን በቁጥር ለክቶ ማደሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከባድ የአሠራር ስሕተት ነው።

የታደለው ጥራዝ ጥሩ ነው፤ በተለይ «ቀለም አይታየኝም» ማለት ለምን የሚያቀራርብ እንደማይሆን የሚያብራራው ምዕራፍ ሊነበብ ይገባዋል። ሥልጠናውን ለመግዛት የሚያስብ መሥሪያ ቤት የከሰዓቱን ክፍል እንዲቀር ጠይቆ፣ በምትኩ ጥንዶቹ በመደበኛ ሥራቸው ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት አብረው እንዲቆዩ ቢዋዋል ይሻለዋል።