ልጄን የእንቁላል መኪናዋን በደንቡ መሠረት በገዛ እጇ እንድትሠራ ላስቻሏት የብስክሌት ጠጋኝ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ ብስክሌት በመጠገን የሚተዳደሩ አንድ ባለሙያ ለልጄ ያደረጉላትን ሳላመሰግን ማለፍ ስላልቻልኩ ነው። ልጆቻቸው ለሳይንስ ውድድር የሚደክሙላቸው ወላጆችም እኛ ያየነውን እንግልት እንዳያዩ እፈልጋለሁ። ባለሙያው ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ አድራሻቸውን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ።

ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ያዘጋጀው ውድድር እንቁላል የምትጭን ትንሽ መኪና መሥራት ነበር። ሐሳቡ የተወሰደው በአሜሪካ የሳይንስ ኦሊምፒያድ «ስክራምብለር» ተብሎ ከሚታወቀው ውድድር መሆኑን መምህራቸው ነግረዋቸዋል። በክበቡ ደንብ መሠረት መኪናዋ ባትሪም ሆነ ሞተር ሊኖራት አይችልም፤ የሚያንቀሳቅሳት ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ላይ የሚወርድ፣ ከሁለት ኪሎ ያልበለጠ ክብደት ብቻ ነው። ጥሬው እንቁላል ከፊት ለፊቷ ይታሰርና መኪናዋ ወደ ግድግዳ ትለቀቃለች፤ እንቁላሉ ሳይሰበር ለግድግዳው ይበልጥ ተጠግታ የቆመችው ታሸንፋለች። ርቀቱ በ8 እና በ12 ሜትር መካከል ሆኖ በውድድሩ ቀን ጠዋት ይነገራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናዋን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩ ደንቡ ያስገድዳል።

ልጄ ብረት መቁረጥና መብሳት የሚያሳያት ሰው ስላስፈለጋት ወደ ሥራ ቦታዎች ይዣት ወጣሁ። የደረሰብንን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል። አንደኛው ቦታ ቀብድ ተቀብሎን «ነገ ኑ» እያለ ካመላለሰን በኋላ ከአንግል ብረት የተበየደ ጋሪ አስረከበን። ልጄ የሁለቱ ኪሎ ክብደት የሚሰጠው ጉልበት 20 ጁል ገደማ ብቻ መሆኑን አስልታ ነበርና ገና እንዳየችው ፊቷ ተለወጠ፤ እንደ ፈራችውም ክብደቱ ወርዶ ሲያልቅ ጋሪው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቀብዳችንን ስንጠይቅ የተመለሰልን ስድብ ነው። ሌላው ቦታ ደግሞ ከአሻንጉሊት የተፈታ ሞተር አውጥቶ «ከሥር ብንደብቀው ማን ያየዋል?» አላት። የአንድ ልጅ እናት በቆመችበት፣ ልጅየዋ ደንቡን በእጇ ይዛ እያለች፣ ማታለልን እንደ ሙያ ያቀረበላትን ያን ሰው ይቅር ለማለት እስካሁን አልቻልኩም። «ሴት ልጅን ከብረት ጋር ምን አገናኛት» ብሎ የሸኘንም ነበር፤ ልጄ በዚያ ቀን እስከ ቤታችን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ወደ እኚህ ባለሙያ የመራን የሰፈራችን ልጅ ነው። ከተማችን የብስክሌት ከተማ እንደ መሆኗ ጠጋኝ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ጠጋኝ ግን አይቼ አላውቅም። ልጄ የምትፈልገውን መናገር ስትጀምር አቋረጧትና «መጀመሪያ ደንቡን አሳዪኝ፣ ልጄ» አሏት። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱንም ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበቡት። «ተማሪዎቹ ራሳቸው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው ቀና አሉና «እንግዲህ እኔ የምሠራልሽ ነገር የለም፤ አሳይሻለሁ፣ ትሠሪያለሽ» አሏት። ከዚያ ሁሉ መንከራተት በኋላ ልጄን እንደሚያስብ ሰው፣ ደንቡንም እንደሚከበር ነገር የቆጠረ ሰው ስናገኝ የተሰማኝን እፎይታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሙያ ነገር አብዛኛውን አልተረዳሁትም፤ ገመዱ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ኩሽኔታው የት እንደሚገባ የሚያውቁት እሳቸውና ልጄ ናቸው። አንድ ነገር ግን እኔም ገብቶኛል፤ እሱንም ሁልጊዜ አነሳዋለሁ። ልጄን ሌሊት ሲያስጨንቃት የኖረው መኪናዋ ያለ ፍሬንና ያለ ባትሪ በተፈለገው ቦታ እንዴት ትቆማለች የሚለው ጥያቄ ነበር። እሳቸው ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን አነሱ፣ ዳዶ አስገቡበት፣ ዳዶውን በጣታቸው ይዘው ብሎኑን ብቻ ማሽከርከር ጀመሩ። ዳዶው እየተጓዘ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲነክስ ብሎኑ ቀጥ አለ። አንዲትም ቃል አልተናገሩም፤ ልጄን ብቻ ተመለከቷት። እሷም ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ብሎኑ የጎማው አክሰል ከሆነ…» ብላ ጮኸች፤ ዳዶው ጫፉ ላይ ሲነክስ ጎማዎቹም አብረው ይቆማሉ ማለት ነው። ጎማዎቿ ከአሮጌ ሲዲ የተሠሩና እንዳይንሸራተቱ የካላማዳሪያ ቁራጭ የተጠመጠመባቸው ነበሩ። ዙሪያቸው 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 10 ሜትር ለመሄድ ከ26 ጊዜ በላይ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ዳዶውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ መልሶ መልቀቅ ብቻ ይበቃል። መልሱን ራሷ እንድታገኘው ብለው ዝም ያሉትን ያን ዝምታ ከየትኛውም ትምህርት አብልጬ አያለሁ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ባለሙያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ፣ የደንበኞቻቸው ብስክሌቶች በሩ ላይ ተደርድረው እየጠበቁ፣ ልጄ በሞረድ ስትሞርድ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር። እኔ አንድ ቀን ደክሟት አይቼ ሞረዱን ልቀበላት ስል «እናቷ፣ ይተዉላት፤ የእሷ ሥራ ነው» ብለው በትሕትና አስቀመጡኝ። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በከተማችን በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ፣ የተማሪን ሥራ ከእጁ የማይነጥቁ ሰው እንደ ነበሩ አጫውተውናል። መልካም አስተማሪ ከአንድ ትውልድ አልፎ ለእኔ ልጅ መድረሱ እጅግ ይደንቀኛል።

በውድድሩ ቀን ከሩጫው በፊት እያንዳንዷ መኪና ተፈተሸች። የተደበቀ ሞተር ወይም ያልተፈቀደ ሞላ የተገኘባቸው ልጆች ሳይወዳደሩ ተመለሱ፤ ሲያለቅሱ ሳይ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፤ ያን ምክር የሰጧቸው አዋቂዎች ግን በዚያ አልነበሩም። ፈታኙ መምህር ልጄን «ይህን ማን ሠራልሽ?» ብለው ሲጠይቋት መኪናዋን ፊታቸው ፈትታ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስምና ሥራ እየተናገረች መልሳ ገጠመችላቸው። መኪናዋም ከግድግዳው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች፤ እንቁላሉ ደኅና ነበር። ልጄ ሁለተኛ ወጣች፤ ለእኔ ግን ከደረጃው ይልቅ በፈታኙ ፊት የተናገረችበት ድምፅ ይበልጥብኛል።

ባለሙያው የተቀበሉን የብሎኑን፣ የዳዶውንና የኩሽኔታውን ዋጋ ብቻ ነው። ለጊዜያቸው ልክፈል ብዬ ብለምን «ልጅ ለማስተማር አይከፈልም» ብለው እምቢ አሉኝ። እኔም ምስጋናዬን በዚህ መንገድ ልከፍል ወድጄ፣ ብስክሌታችሁም ሲበላሽ፣ ልጆቻችሁም የሳይንስ ሥራ ሲይዙ ወደ እሳቸው እንድትሄዱ አደራ እላለሁ። እባካችሁ ሂዱ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሥራውን ለልጁ ስለሚሰጡ ያለ ልጁ ብትሄዱ አይሆንም። የውድድሩን ደንብ በወረቀት መያዝ አትርሱ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ብስክሌት ይበዛባቸዋል፤ በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ረጋ ብለው ያነጋግሯችኋል።