የመፍቻው ዘመንና የመኪናው ዘመን፦ አዳማ ላይ ያገኘሁት የመሣሪያ ከረጢት ምርመራ

አዳማ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ጠባብ ወርክሾፕ፣ ከአሮጌ የአውሮፓ መኪናዎች ጋር የሚገኙ የእጅ መሣሪያዎችን እየመረመረ የትኛው ለመኪናው ትክክለኛ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ በጽሑፍ የሚገልጽ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አለ። ስሙ እንዲነሳ ስላልፈለገ አልጠቅሰውም፤ የአገልግሎቱን ጥራት ግን በራሴ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ፖርሽ 911 የመሣሪያ ከረጢት ላይ ስላየሁት፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ወይም ለማስመርመር ለሚያስቡ ሰዎች በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን ላስቀድም፦ ምርመራው እጅግ ጠንቃቃ ነው፤ በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት ግን ከምርመራው በእጅጉ ያንሳል።

ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሚያስረክበው ከረጢት ጥቂት መፍቻዎችን፣ ካቻቪቴን፣ ፒንሳን፣ የካንዴላ መፍቻንና የ19 ቁጥር የጎማ መፍቻን የሚይዝ ነው፤ ክሪኩ ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። ለዕለት ሥራ ከየትኛውም ሱቅ በሚገዛ መሣሪያ ሊተካ ይችላል። አሮጌ የስፖርት መኪና በሚሸጥበት ጊዜ ግን ለዘመኑ ትክክለኛ የሆነ ሙሉ ከረጢት በዋጋው ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ አስመስሎ የመሥራት፣ እንዲሁም ከየቦታው የተለቃቀመውን «ሙሉ ዕቃ» ብሎ የማቅረብ ንግድ ተፈጥሯል። ለእኔ የሸጠልኝ ሰው፣ ከረጢቱ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ይተዳደር በነበረበት ዘመን እዚያ ይሠራ ከነበረ የውጭ ዜጋ የተገኘ ነው ብሎኛል። ባለሙያው ይህን ታሪክ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ «ልጄ፣ የሻጭ ቃል ብረቱ ላይ ካላገኘሁት አልጽፈውም» አለኝና ወደ ሥራው ገባ። ይህን አቋሙን ከመጀመሪያው ወደድኩት።

የምርመራው ዋና ጥያቄ መሣሪያው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ የሚለው አይደለም፤ ለዚህ መኪናና ለዚህ የምርት ዘመን የሚገባ ነው ወይ የሚለው ነው። በአገራችን ይህ ልዩነት ልዩ ክብደት አለው። ለፖርሽ መፍቻ ካቀረቡት የጀርመን አምራቾች መካከል ሃዜትና ሃይኮ ይገኙበታል፤ ሁለቱም መነሻቸው ሬምሻይድ የተባለችው የመሣሪያ ሠሪዎች ከተማ ስትሆን፣ ሃዜት እ.ኤ.አ. በ1868 በሄርማን ዜርቨር የተመሠረተና ስሙንም ከመሥራቹ የስም መነሻ ፊደላት የወሰደ ነው። ይሁንና ያው ሃዜት ለቮልስ መኪናዎችም መሣሪያ ሠርቷል። ቮልስ ደግሞ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት የታየ መኪና ስለሆነ፣ በዕድሜውም በስሪቱም ፍጹም እውነተኛ የሆነ የሃዜት መፍቻ ከቮልስ ወጥቶ ፖርሽ ከረጢት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለውን መፍቻ «አስመስሎ የተሠራ ነው» ማለት ሐሰት ነው፤ «የመኪናው ነው» ማለትም ሐሰት ነው። ባለሙያው ሦስተኛ ምድብ አለው፦ «እውነተኛ፣ ግን ከሌላ መኪና ሊሆን የሚችል»። ከመፍቻዎቼ ሁለቱ እዚህ ምድብ ውስጥ ገብተዋል።

ምልክቶቹን ለማንበብ በሽቦ ብሩሽ አይፈትግም፤ በነጭ ጋዝ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠቀማል፤ ምክንያቱም ዝገቱ ራሱ ማስረጃ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚለው ማኅተም ዕቃው እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን ሲያመለክት፣ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ግን ያን ያህል አይረዳም፤ ይህ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ ምክንያት የተስፋፋና ዛሬም ድረስ የሚመታ ነውና። ከዚህ የበለጠ የሚናገረው የጀርመን የደረጃዎች ቁጥር ነው። ሁለት አፍ ያላቸው መፍቻዎች ቀድሞ ዲን 895 የሚል ቁጥር ይመታባቸው ነበር፤ በኋላ በዲን 3110 ተተካ። ከከረጢቴ ውስጥ አንደኛው መፍቻ፣ ከሌሎቹ ጋር ቀለሙም ድካሙም ተመሳስሎ ሳለ፣ 3110 ተጽፎበት ተገኘ። እንግዲህ ከመኪናዬ በኋላ የመጣ ምትክ ነው። ሻጩ ይህን ያውቅ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ለመፍረድ መሠረት የለኝም።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ካሊፐር በተባለው የርዝመት መለኪያ የተደረገው ልኬት ነው። ጥሩ መፍቻ በእሳት ግሎ በሁለት የቅርጽ ማውጫ ብረቶች መካከል ተቀጥቅጦ ይሠራል፤ አስመሳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነተኛውን መፍቻ እንደ ሞዴል ተጠቅሞ ቀልጦ የሚፈስ ብረት በቅርጹ ውስጥ ይሞላል። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ በ2 በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር፣ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው መፍቻ በቅጂው ወደ 196 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አፉ ከዚያ በኋላ በሊማ ወይም በማሽን ስለሚስተካከል ለዳዶው በትክክል ይገጥማል፤ ርዝመቱንና የእጀታውን ስፋት ግን ማንም አያስተካክለውም። የፊደላቱም ጠርዝ በቅጂው ላይ ይደበዝዛል። ባለሙያው ምንጫቸውን በሚገባ የሚያውቃቸው የማነጻጸሪያ መፍቻዎች አሉት፤ የእኔን አንድ በአንድ ከእነርሱ ጎን እያስቀመጠ ለካ። አንደኛው በርዝመትም በስፋትም በተመሳሳይ መጠን አጥሮ ተገኘ። ይህን ውጤት ሲነግረኝ ካሊፐሩን እኔው እንድይዘውና ራሴ እንዳነበው አደረገ፤ ደንበኛን በዚህ መንገድ የሚያከብር አገልግሎት በከተማችን ብዙ አይደለም።

ስለ ከረጢቱ ጨርቅ የተናገረውም ትምህርት የሚሰጥ ነበር። የፕላስቲክ ልባሱ ሲያረጅ ያለሰለሰው ንጥረ ነገር እየወጣ ይደርቃል፤ ሲበሰብስም ብረትን የሚበላ አሲድ ያመነጫል። በዚህም የተነሣ መሣሪያዎቹ ለረጅም ዓመታት በቆዩበት ኪስ ውስጥ በቅርጻቸው ልክ የዝገት ጥላ ይተዋሉ። የጥላው ቅርጽ ከመሣሪያው ጋር ሲገጥም፣ ሁለቱ አብረው ለመኖራቸው ከማንኛውም ማኅተም የሚሻል ምስክር ነው። የፒንሳውና የካንዴላ መፍቻው ጥላ በትክክል ገጠመ። በቅጂነት የተለየው መፍቻ የነበረበት ኪስ ግን የሌላ፣ የረዘመ መፍቻ ጥላ ነበረበት። ክሪኩም ቢልሽታይን የተባለው የጀርመን አምራች ሥራ መሆኑና የተመታበት የምርት ጊዜ ከመኪናው ምርት ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ተረጋግጦ ያለ ጥርጥር አለፈ።

አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ፍርድ አልሰጠም፤ እርሱም የአየር ማራገቢያውን ፑሊ አንቆ የሚይዘው መፍቻ ነው። የ911 ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ የማራገቢያው ቺንጋ ቢበጠስ ጉዞ መቀጠል ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ ቺንጋውን መንገድ ላይ ለመቀየር የግድ የሚያስፈልገው ይህ መሣሪያ ነው። ቀላል ላሜራ ስለሆነ፣ ምልክት ስለሌለውና በእጁ የሚያነጻጽርበት እርግጠኛ ናሙና ስላልነበረው፣ በወረቀቱ ላይ ቦታውን ባዶ ተወው። ስጠይቀው «ያላየሁትን አልፈርምም» አለ። እኔ ይህንን ከጉድለቱ አልቆጥረውም፤ ለሌሎቹ መሣሪያዎች በሰጠው ፍርድ ላይ እምነቴን ያጠነከረው ይህ ነው።

ሥራው በጀርመን መኪና ብቻ የተወሰነ አይደለም። የእንግሊዙ ጃጓር ኢ-ታይፕ ያለው ሰው ቢመጣ በቅድሚያ የሚያየው በመፍቻዎቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር በኢንች መሆኑን እንደሆነ ነግሮኛል፤ በሚሊ ሜትር የተጻፈ መፍቻ በዚያ ጥቅል ውስጥ ቦታ የለውም። የጎማ ማሰሪያው ክንፍ ያለው ከሆነ ደግሞ ክንፉን እየመቱ የሚፈቱበት ለስላሳ ራስ ያለው መዶሻ መኖር ይገባዋል፤ ክንፉ በደኅንነት ሕግ ምክንያት የቀረባቸው ወደ አሜሪካ የተላኩ የኋላ ሞዴሎች ግን ሌላ መፍቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህን ሁሉ ልኬትና ንጽጽር ያደረገ ሰው የሰጠኝ ወረቀት በእጅ የተጻፈ፣ ከአንድ ገጽ ያነሰና ፎቶግራፍ የሌለው ነው። የመፍቻዎቹ ርዝመት በቁጥር አልተመዘገበም፤ የዝገቱ ጥላም በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ታልፏል። ነገ ከረጢቱን የሚገዛ ሰው ወረቀቱ ስለ የትኛው መፍቻ እንደሚናገር በምን ያውቃል? እያንዳንዱን መሣሪያ ከማስመሪያ ጋር አስቀምጦ ፎቶ ማንሳትና ቁጥሩን ከሥሩ መጻፍ ብዙ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ይህንንም በአክብሮት ነግሬዋለሁ። ለሙሉ ከረጢቱ የከፈልኩት 3,000 ብር ለተሠራው ሥራ ብዙ ነው አልልም፤ ወረቀቱ ቢሟላ ከዚህም በላይ በደስታ እከፍል ነበር።

መሣሪያ አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ስለዚህ ዋጋ አሳንሶ ወይም አግንኖ የሚያተርፈው ነገር የለም። በስልክ በተላከ ፎቶም ፍርድ አይሰጥም። ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፣ የምርት ዓመቱንና ከመለዋወጫ ካታሎጉ ውስጥ የመሣሪያ ከረጢቱ ሥዕል ያለበትን ገጽ አትሞ ይዞ ቢሄድ ሥራው ይፈጥናል። መሣሪያዎቹን ግን ከመሄዱ በፊት አያጽዳ፤ ከየኪሳቸውም አያውጣ።