በወር 5 ድርሃም፦ የዱባዩ የሥራ ማጣት ኢንሹራንስ ምን ያህል ያዋጣል?

ደብረ ብርሃን ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዱባይ አራት ዓመት ስቀመጥ የጠባሴን የጠዋት ብርድ ረስቼው ነበር፤ አሁን ጋቢ ደርቤም አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ጠያቂው ደግሞ ከብርዱ ይብሳል። «ለዕረፍት ነው ወይስ...?» ይሉኛል። ከ«ወይስ» በኋላ ያለውን ማንም አይጨርሰውም። እኔው ልጨርስላችሁ፦ ሥራ አጥቼ ነው። ስሙ ይቅርና፣ የምሠራበት ድርጅት ሰው ሲቀንስ ከሂሳብ ክፍል ሦስታችን ወጣን።

ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም። አንዱ ምክንያት የዛሬው ጉዳዬ ነው፤ አይ ኤል ኦ ኢ የሚሉት የኤምሬትስ መንግሥት የሥራ ማጣት ኢንሹራንስ። በጃንዋሪ 2023 ሲጀመር ሁላችንም ሌላ መቆንጠጫ መጣ ብለን አጉረምርመን ነበር። ደግሞም ግዴታ ነው፤ ያልተመዘገበ 400 ድርሃም ይቀጣል። እኔም የተመዘገብኩት ቅጣቱን ፈርቼ እንጂ አስቤበት አይደለም።

ዋጋው ቀልድ ነው። መነሻ ደመወዝህ እስከ 16,000 ድርሃም ከሆነ በወር 5 ድርሃም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 10፣ ቫት ሲጨመርበት። ምዝገባው በስልክ ያልቃል፤ ስልክ የማይሆንለት ገንዘብ የምንልክበት ኤክስቼንጅ ቤት ሄዶ ይከፍላል። 12 ወር ሳታቋርጥ ከከፈልክና ያለጥፋትህ ከተሰናበትክ፣ የመነሻ ደመወዝህን 60 በመቶ ቢበዛ ለሦስት ወር ይሰጥሃል። ሥራው ባበቃ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለብህ። እኔ በአራተኛው ቀን አመለከትኩ፣ ብሩም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገባ። እዚህ ላይ የማወጣለት አቃቂር የለኝም።

አሁን ወደሚያናድደው እንምጣ። «መነሻ ደመወዝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በእጄ የሚገባው 10,000 ድርሃም ነበር፤ ውሉ ላይ ግን መነሻው 6,000 ብቻ፣ የቀረው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። ስለዚህ 60 በመቶው የተሰላው ከ6,000 ነው፤ በወር 3,600። የሥራ ስንብት ክፍያውም እንደዚሁ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ። የአራት ዓመቴ 16,800 ሆነ። መነሻዬ 8,000 ቢሆን ኖሮ 22,400 ነበር። ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ውሉን ስፈርም ይህን አለማየቴ ያሳፍረኛል፣ ግን በጊዜው ያየሁት ከታች የተጻፈውን ድምር ብቻ ነው።

ሌላው ነገር፣ ራስህ ከለቀቅክ ከኢንሹራንሱ አምስት ሳንቲም የለም። የመጨረሻዋ ቀን የድርጅቱ የሰው ኃይል (ኤችአር) ሠራተኛዋ ቢሮዋ አስገብታ ሻይ አስመጣችልኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ለወደፊትህ ይሻልሃል፣ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም» አለችኝ። ድምፅዋ ማር ነው። እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ «ነገ ላንብበው» ብዬ ወጣሁ። ማታ የክፍል ጓደኛዬ ወረቀቱን ሲያይ ጮኸብኝ። ብፈርም ኖሮ ኢንሹራንሱ በዚያው ያከትም ነበር። በማግስቱ ተከራክሬ «በሠራተኛ ቅነሳ» የሚል ደብዳቤ ተቀበልኩ።

የኢንሹራንሱ ትልቁ ቀዳዳ ግን ቪዛው ነው። የመኖሪያ ፈቃድህ የታሰረው ከአሠሪህ ጋር ነው፤ ሥራው ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ቪዛ ከተሰረዘ በኋላ የምትቆይበት ጊዜ ድሮ 30 ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ቪዛው ዓይነት ይረዝማል። የእኔ 60 ቀን ሆነ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ክፍያው ሦስት ወር፣ መቆያው ሁለት ወር። ክፍያው የሚቀጥለው ደግሞ በሕጋዊ መንገድ እዚያው አገር ካለህ ብቻ ነው። በ60 ቀን ሥራ ካላገኘህ ሦስተኛውን ለመቀበል ብለህ ብትቆይ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥርብሃል። ሁለት ጊዜ ተቀብዬ፣ 7,200 ድርሃም ይዤ ተሳፈርኩ። ሦስተኛው እዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ሆዴን ይበላዋል። የቤት ሠራተኞች ኢንሹራንሱ ውስጥ የሉበትም። ከዚህ ከእኛ አካባቢ፣ ከሸዋ ሮቢትም ከመንዝም የሄዱት እህቶቻችን አብዛኞቹ ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። አበል ምናምን እያልኩ የማማርረው እኔ፣ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ቅንጡ ነኝ።

ከአምስት ኮከብ ስንት እሰጠዋለሁ? ሦስት። ለዋጋው አምስት ይገባዋል፣ ቪዛው ሁለቱን ወሰደበት። ግን 5 ድርሃም ዱባይ ውስጥ አንድ ሻይና ሳንዱች ነው፣ ስለዚህ ግዴታ ባይሆንም ክፈሉ እላለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል፤ አሁን ከአንድ ድርጅት ውል ተልኮለታል። ትናንት ማታ በስልኩ ይዞት መጣ። እናቴ ቆሎ አቀረበች፣ አባቴ መነጽሩን ፈልጎ አጠገባችን ተቀመጠ፣ ምንም እንደማይገባው እያወቀ።

«ጋሼ፣ 9,000 እኮ ነው!» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑ እያበራ።

«መነሻው ስንት ይላል?»

ስልኩን በጣቱ ወደ ታች ሳበ። 3,000።

ዝም ብዬ 60 በመቶውን በካልኩሌተር አሳየሁት። 1,800። የአባቴ መነጽር ከልጁ ስልክ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ የቀረው የማን ነው?» አለ።

ልጁ ማታውኑ ኢሜይል ጻፈላቸው፤ ድምሩ እንዳለ ሆኖ መነሻው ወደ 6,000 ከፍ እንዲልለት። ቃላቱን አብረን አስተካከልን፣ ልመና እንዳይመስል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።