«ባክቴሪያው አልጠፋም» ተብላችሁ ሁለተኛውን መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም፤ ከማንም ጋር መካሰስ አልፈልግም። ግን ጨጓራውን የሚያመው ሁሉ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በቀን ሦስት አራቴ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ወገብ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ክረምት በዚያ ላይ ጨጓራዬ ተጨመረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያቃጠለ ይቀሰቅሰኛል፤ ቁራሽ እንጀራ ስቀምስ ትንሽ ይተወኛል።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ አወጣሁ፣ ከክንዴ ደም ተቀዳ፣ ብዙም ሳይቆይ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» የሚል ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። «ካንሰር የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው» አለና አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የሚባሉ ሁለት አንቲባዮቲኮች፣ ከእነሱም ጋር የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ጻፈልኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። እዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም፤ ለዚህ ባክቴሪያ በየአገሩ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። አፌ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንቲም እንደጠባ ሰው ብረት ብረት አለኝ፤ ቡናው እንኳ አልጣመኝም። ቢሆንም አንዲት ፍሬ ሳላጓድል ጨረስኩ።

ጉዱ የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ማቃጠሉ ስላልተወኝ ተመለስኩ። እንደገና ደም። እንደገና ፖዘቲቭ። «አልጠፋም፣ መድኃኒቱን ለምዶታል» ተባልኩና ያንኑ ሦስቱን መድኃኒት ከራሳቸው ፋርማሲ በ3,400 ብር አሸከሙኝ። በዚያ ላይ «ሚስትህንና ልጆችህንም አምጣ፣ ለቤተሰብ ቅናሽ አለን» አሉኝ። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ላቦራቶሪ ትማራለች። ወረቀቱን ሳሳያት ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌባው ከሄደም በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ነው ያዳመጠው» አለችኝ። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የዳነም ሰው ፖዘቲቭ ይወጣል። ለሦስተኛ ጊዜ ብሄድ ኖሮ ሦስተኛ ፌስታል ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው።

መዳን አለመዳንን የሚለየው በሰገራ የሚሠራው የኤች ፓይሎሪ አንቲጂን (የባክቴሪያው የራሱ ቅንጣት) ምርመራ ነው፤ የትንፋሽ ምርመራም አለ። ልብ በሉ፣ አሜባና ጃርዲያ የሚታይበት የተለመደው የሰገራ ምርመራ አይደለም፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ጊዜም አለው፦ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ ደግሞ 2 ሳምንት መሙላት አለበት። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በእውነት አልጠፋም ከተባለም ያንኑ ክላሪትሮማይሲን መድገም አይመከርም፤ ሐኪሙ ሌላ ቅንጅት ነው የሚያዘው።

ከዚያ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ሰልፉን አትጠይቁኝ። ሐኪሟ ግን ገና ሳልቀመጥ «ለሌላ በሽታ የምትወስደው ነገር አለ?» አለችኝ። ለወገቤ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ በባዶ ሆዴ ስውጥ ወራት አልፈዋል! ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ባክቴሪያ በሌለበትም ጨጓራን ያቆስላሉ። ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ ደሜን ሲቀዳ ይህችን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዲክሎፌናኩን አስቆመችኝ፤ ከራሴ እየገዛሁ የምወስደውን ኦሜፕራዞልም ለሁለት ሳምንት አስተወችኝና የሰገራውን ምርመራ አሠራች። ኔጋቲቭ። የመጀመሪያው መድኃኒት ያኔውኑ አድኖኝ ነበር።

ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ለደነገጣችሁ፣ አብሽሩ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለትም፣ አንዳንዴ የብረት እጥረት ደም ማነስም ያመጣል። ግን ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ገደማው ተሸክሞት ይኖራል፣ ብዙው ምንም ሳይሰማው፤ የጨጓራ ካንሰር የሚይዘው ከ100 ተሸካሚ ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ቁስለት የሚመጣው በጭንቀትና በቅመም ነው ሲባል አልዋጥልህ ብሎት እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም በርበሬው ነው የሚረገመው።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ምግብ አልዋጥ ያለው ሰው ግን ደም ላስመርምር እያለ ጊዜ አያጥፋ፤ ቶሎ ሆስፒታል ሄዶ ስለ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ከውስጥ ስለማየት) ይጠይቅ።

ፌስታሉን ልመልስ ሄጄ ነበር። ፋርማሲስቷ «የወጣ መድኃኒት አይመለስም» አለችኝ። እሷስ ልክ ናት፣ ከሰው ቤት የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ ቢሸጥ እኔም አልወድም። ሚስቴ ጨጓራ ለሚያማት እህቷ እንስጥ ብትለኝም እምቢ ብያለሁ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ እንደታሸገ ተቀምጧል። ከክሊኒኩ የተሰጡኝ ደረሰኞችም አብረውት አሉ፦ የደም ምርመራ ሁለት፣ የሰገራ ምርመራ ባዶ።