የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ወይስ የጠረጴዛ መጋዝ፦ ለጠባብ የቤት ወርክሾፕ

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ በሦስት በአራት ሜትር ክፍል ለሚሠራ ሰው ጥያቄው ቦታ ብቻ አይደለም። 1.22 በ2.44 ሜትር ኮምፖርሳቶ በትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ ላይ ብቻዎን ሲገፉ ጣውላው ያዘነብላል፣ ዲስኩ ይነክሰዋል፣ ወደ ሆድዎ ይወረውረዋል። የእጅ ሰርኩላር መጋዝ (በእጅ የሚያዝ፣ ክብ ዲስክ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ) ግን ወደ ጣውላው ይሄዳል። ቀጥ ያለ ሞራሌ እንደ መሪ ያስሩ፤ ዲስኩ ከጣውላው ውፍረት 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይለፍ፤ ጥሩው ገጽ ወደ ታች ይሁን፣ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ። ጣውላውን በሁለት ጫፍ ብቻ ካስደገፉ መሃሉ ጎብጦ ዲስኩን ይቆልፋል፤ ከስሩ አራት ሞራሌ ይደርድሩ።

ሠላሳ የመሳቢያ ጎን እኩል ለመቁረጥ ሲሆን የጠረጴዛው ይበልጣል። ከዲስኩ ኋላ ያለውን የመለያያ ብረት አይንቀሉ፤ በተለይ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ይቆልፋል። ከ15 ሴንቲሜትር ለጠበበ ሥራ መግፊያ እንጨት እንጂ ጣት አይጠጋም። ጓንትም ይቅር፣ ዲስኩ ይስበዋል።

መብራት ሲሄድስ? የእጁ መጋዝ ጣት ሲለቀው ይጠፋል። ተራ ማብሪያ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ ግን መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሳል። ኃይል ሲቋረጥ የሚዘጋ ማብሪያ ከሌለው መርካቶ ላይ ዋጋው ቢያጓጓም ይለፉት።

ለቤት የመጀመሪያው ግዢ የእጁ ይሁን፤ ከተረፈው ገንዘብ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ማራዘሚያ ገመድ ይግዙ፣ ቀጭኑ ሞተር ያግላል።