ዳያል ጌጅ ወይስ ስትሬን ጌጅ? ለግል የመለኪያ ፕሮጀክት

በሁለት ጫፉ የተደገፈ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ክብደት ሰቅሎ ያንግስ ሞዱለሱን (ብረቱ ለመለጠጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚናገረውን ቁጥር) ማውጣት ለብቻ የሚሠራ ሙከራ ነው። ጥያቄው በምን ይለካ ነው፦ ብረቱ ስንት እንደጎበጠ በመርፌ በሚያሳየው ዳያል ጌጅ ወይስ ብረቱ ላይ ተለጥፎ አብሮ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) በሚቀየረው ስትሬን ጌጅ።

ወጪ፦ ዳያል ጌጅ ከወርክሾፕ ትዋሳለህ። ስትሬን ጌጅ ራሱ ርካሽ ነው፤ የሲግናል ማጉያውና ንባቡን የሚቀበለው አርዱይኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ) ግን ይከተላሉ።

ቅለት፦ ዳያሉን ማሰር፣ ዜሮ ማድረግ፣ ማንበብ። በቃ። ስትሬን ጌጅ እጅ ይፈትናል፦ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ይለጠፋል። ተጣሞ ከተለጠፈ አለቀለት። የተቃውሞው ለውጥም ኢምንት ነው፤ 120 ኦም የሆነው በ1000 ማይክሮስትሬን (የርዝመት 0.1% መለጠጥ) የሚቀየረው 0.24 ኦም ገደማ ነው። ያለ ዊትስቶን ብሪጅ (ትንሽ የተቃውሞ ለውጥን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር የአራት ሬዚስተር ሰርኪዩት) አይሞከርም።

ስጋት፦ በዳያሉ ቀመር የብረቱ ውፍረት በኩብ (ሦስት ጊዜ ተባዝቶ) ስለሚገባ በውፍረቱ ላይ የ1% ስህተት በውጤቱ 3% ይሆናል። ውፍረት የምትለካበትን ካሊፐር አትመነው፤ ደጋግመህ ለካ። ስትሬን ጌጅ ደግሞ ሙቀት ያዋዥቀዋል።

ማስረከቢያው ከደረሰ ዳያሉን ያዝ። ሴሚስተር ሙሉ ካለህና ንዝረትም መለካት ካማረህ ስትሬን ጌጅ፤ ዳያሉ ፈጣን ንዝረት አይከተልም።